ሳይፈተሽ የቀረው መስመር

የዮርዳኖሷ ሰልት ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የአንዱ ደጅ ከሌላው ጣሪያ ጋር እኩል ነው። የአቡ ሩሽዲ ጣሪያ በእኛ መስኮት ትይዩ ስለሆነ፣ ለልጃቸው ለሩሽዲ መኖሪያ ሁለተኛ ፎቅ ሲያሠሩ ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ አይተናል። ግድግዳው ቆሞ ልስኑ ሲቀር መንገዱን ተሻግረው ቤታችን መጡ። ወንድሜ ዓዋድ ምሳ እየበላ ነበር።

ዓዋድ የመብራት ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ በሙሉ “ኢንጂነር” ይለዋል፤ ግማሹ ለፍቅር፣ ግማሹ ለለበጣ። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ግን “ባለችሎታ” የሚል ነው። የዚህ ሙያ ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው። ታችኛው “ውስን ችሎታ” ይባላል፤ አጠገቡ የሚያየው ሰው ሳይኖር ምንም አይነካም። መካከለኛው ባለችሎታ ነው፤ ሽቦ ይዘረጋል፣ አምፖልና ሶኬት ይገጥማል። ከሁሉም በላይ ያለው “ባለሙያ” ነው። የማከፋፈያ ሳጥኑን የሚያስረው፣ የመሬት ሽቦውን የሚፈትሸው፣ “ከእንግዲህ ሰው ይግባበት” ብሎ የሚፈርመው እሱ ብቻ ነው። ዓዋድ ለባለሙያነት በተፈተነ ቁጥር በተግባሩ አልፎ በጽሑፉ ይወድቃል። እጁ የሚያውቀውን ብዕሩ አይነግርለትም።

“ነገ ትጀምራለህ” አሉት አቡ ሩሽዲ ገና ሳይቀመጡ። “ሠርጉ ከረመዳን በፊት ነው።”

“እጀምራለሁ፣ አጎቴ። ሽቦውን እኔ እዘረጋዋለሁ። ሳጥኑንና የመሬት ሽቦውን ግን ባለሙያ ማየት አለበት። አስተማሪዬን ኡስታዝ ነዝሚን ይዤልዎ እመጣለሁ።”

“ባለሙያ! አንተስ ምንድን ነህ? ዳቦ ጋጋሪ?”

“ባለችሎታ ነኝ።”

“ችሎታ ያለው ሰው ባለሙያ አይደለም እንዴ? ሱሀይላ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ ልዩነቱን ንገሪኝ።”

“ልዩነቱ ኃላፊነቱ ነው፣ አጎቴ” አልኳቸው። “ባለሙያው ፈትሾ ይፈርማል።”

“ፊርማ ኮረንቲ ያቆማል?” ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። አቡ ሩሽዲ ሲስቁ አብሮ አለመሳቅ ይከብዳል። አባታችን ከሞተ በኋላ በየበዓሉ በራችንን አንኳኩተው የእርድ ሥጋ የሚያስገቡልን እሳቸው ነበሩ። ዓዋድን “ልጄ” ሲሉት ለአፋቸው አልነበረም።

“በል እሺ፣ ነዝሚህን አምጣው” አሉ በመጨረሻ። “ምሳ አብልተን እንሸኘዋለን።”

ዓዋድ ሥራውን እንደ ራሱ ቤት አድርጎ ሠራው። ሩሽዲም ከሱቁ ሲመለስ እየመጣ መሰላል ይይዝለት ነበር። አብሮ አደጎች ናቸው። በአንድ ኳስ እየተጣሉ ያደጉ፣ አንድ ቀን ተምታተው በማግሥቱ አብረው የታሠሩ ዓይነት። ላዩ ላይ ሆነው ሲሳሳቁ ድምፃቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ሊያልቅ ሲል ኡስታዝ ነዝሚ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ዓዋድ ሌላ ባለሙያ እንፈልግ ብሎ ለመነ። እኔ ባለሁበት ነው የለመናቸው።

“የማላውቀውን ሰው ምራቴ ጓዳ ውስጥ አላስገባም” አሉት አቡ ሩሽዲ። “ነዝሚ ሲሻለው ይመጣል። እስከዚያ ለሙሽሮቹ ከታች ቤት መስመር ሳብላቸው።”

“መብራት ብቻ ከሆነ እሺ። ቦይለሩ ግን አይሆንም።”

“ቦይለሩ ይቆይ። እኛ በእሳት ውኃ አሙቀን አይደል የኖርነው?”

ዓዋድ ቦይለሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ለእሱ የመጣውን ሽቦ ጫፍ ጫፉን በጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎ ተወው። ሩሽዲንም ጠርቶ አሳየው። “ይህን አትንካ። ሦስተኛው፣ የመሬት ሽቦው፣ ገና መሬት አልነካም። ሳጥኑም ኮረንቲ ሰው ሲይዝ መብራቱን የሚቆርጠው መሣሪያ አልገባለትም።” ሩሽዲ “እሺ፣ ኢንጂነር” ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ሙሽራዋ ዊሳል ትባላለች። የዐጅሉን ከተማ ልጅ ናት፤ ስትናገር ቀስ ብላ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፍና። በሠርጉ ማግሥት ጣፋጭ ይዤ ሄጄ ሳለሁ ወደድኳት። ከዚያ ወዲያ ልብሷን ስታሰጣ በመስኮት እንጨዋወት ነበር። አንድ ቀን ቤቷ ገብቼ ስለ ኑሮዋ ስጠይቃት ዓይኗን ሰበረች።

“ሁሉም ደኅና ነው። ውኃው ነው እንጂ።”

“ምን ሆነ?”

“ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዤ ወርጄ ሙቅ ውኃ ከአማቴ መለመን አለብኝ። የሩሽዲ አባት ሳሎን ተቀምጠው ያዩኛል። ለምን እንደምታጠብ ሁሉም ያውቃል አይደል?” ፊቷ ቀላ። “ለሩሽዲ ነግሬው አለቀስኩ። እንደ ሞኝ።”

እኔ ሳቅኩባት። የሁሉም ሙሽራ ነገር ነው፣ ትለምጂዋለሽ አልኳት።

ኡስታዝ ነዝሚ ከሆስፒታል ሳይወጣ በረዶ ጣለ። ሰልት በረዶ ሲጥልባት ዳገቷም ቁልቁለቷም ይዘጋል፤ ሱቅ አይከፈት፣ መኪና አይሄድ። ዓዋድም ቤት ዋለ። ረፋዱ ላይ የሩሽዲ እናት ኡም ሩሽዲ ሲጮኹ ሰማን። “የሰው ያለህ!” አላሉም። የሙሽራዋን ስም ብቻ ነበር የሚጠሩት።

ዓዋድ በካልሲው በረዶውን እየረገጠ ሮጠ፤ እኔ ተከተልኩት። ከታች ቤት የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ዘግቶ ወደ ላይ ወጣ። ዊሳል መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቃ ነበር፤ አንድ እጇ የውኃውን ቧንቧ እንደያዘ ቀርቷል። በፎጣ ሸፈንኳት። ዓዋድ ደረቷን እየተጫነ፣ ትንፋሽ እየሰጠ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ ታገለ። አምቡላንሱ ዳገቱ ሥር ቆሞ ቀረ። የሕክምና ሰዎቹ በእግራቸው ደርሰው እጁን ከደረቷ ላይ ሲያነሱት እንኳ አልተው ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ቦይለሩን ያየው። እኔም አየሁት። ናስትሮው ተልጦ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሁለቱ ሽቦዎች በባዶ እጅ ተጠማዝዘው ገብተዋል። ሦስተኛው፣ አረንጓዴውና ቢጫው፣ እንዲሁ ተንጠልጥሏል።

ሩሽዲ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። “ዓዋድ፣ ምን ሆነች? ምን ነካት?”

ወንድሜ ሽቦውን አየ፤ ሩሽዲን አየ። “አላውቅም” አለ።

ፖሊሶቹ መጥተው “የዚህን ቤት መስመር ማን ሠራው?” ሲሉ “እኔ ነኝ” አለ። “ይህንንስ?” ሲሉት “ሁሉንም እኔ ነኝ” አለ። ፈቃዱን ጠየቁት፤ ደረጃውን አነበቡ፤ እጁን ይዘው ወሰዱት። አቡ ሩሽዲ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያልፍ ተነሥተው ጮኹበት።

“ባለሙያ እንኳ ያልሆነ! ልጄን ገደልክብኝ! ፈቃድ የሌለው!”

ዓዋድ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እኔ ልመልስ ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። ሬሳ ባለበት ቤት አይጮኽም።

ደም ያለበት ቤተሰብ ከሟች ወገን ፊት ይርቃል፤ ልማዱ ነው። ሽማግሌ ልከን ዕርቅ እስኪወርድ ጊዜ ለመንን፤ እናቴና እኔም በራችንን ቆልፈን ማደባ ከተማ አጎቴ ቤት ገባን። እናቴ ከተወለደችበት ሰፈር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። መኪናው ውስጥ ሆና ወደ ኋላ አላየችም።

ዓዋድን ልጠይቅ እስር ቤት ስሄድ ከስቶ አገኘሁት።

“ለምን አትናገርም? ናስትሮውን አይቼዋለሁ። አንተ አልገጠምከውም።”

“ዝም በይ፣ ሱሀይላ።”

“ሩሽዲ ነው አይደል?”

“ዝም በይ አልኩሽ።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ማን ይንገረው? አንቺ ትነግሪዋለሽ? ‘ሚስትህን ያጠፋሃት አንተ ነህ’ ትይዋለሽ? እኔ እዚህ ብገባ አንድ ቀን እወጣለሁ። እሱ ከዚያ ነገር ውስጥ በየት በኩል ይወጣል?”

“እማዬስ?”

በዚህ ጊዜ አለቀሰ።

እውነቱን ያወጣው ዓቃቤ ሕጉ የላከው መርማሪ ነው። የባለሙያ ደረጃ ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው ይባላል። ቤቱን ክፍል በክፍል ፈትሾ ያየውን ተናገረ። የቀረው መስመር ንጹሕ ሥራ ነው፤ የቦይለሩ ግን በየትኛውም ደረጃ ያለ የመብራት ሠራተኛ የሠራው አይደለም፤ ፒንሳ እንኳ አልነካውም። ዓቃቤ ሕጉ ሩሽዲን አስጠርቶ “ሽቦውን ማን ቀጠለው?” አለው።

“እኔ” አለ ሩሽዲ ወዲያው። የተጠየቀው ለምን እንደሆነ ገና አልገባውም ነበር። “በረዶ ነበር፤ ወደ ታች እንዳትወርድ ብዬ። ሁለቱን ስገጥማቸው የቦይለሩ ቀይ መብራት በራ። ‘ከእንግዲህ ማንንም አትለምኚም፣ ግቢ ታጠቢ’ አልኳት። እሷም ሳመችኝ።” ከዚያ የጠያቂውን ፊት አየ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ገባው። አብሮት የነበረው አጎቱ ነው ይህን የነገረን።

ዓዋድ ተፈታ። የዊሳል አባት ከዐጅሉን መጥተው በሽማግሌዎች ፊት “ከባሏ ምን ካሳ እጠይቃለሁ? እሱም እንደኔ አጥቷታል” ብለው ይቅር አሉ። አቡ ሩሽዲ ሽማግሌ አስከትለው ማደባ ድረስ መጡ። ወንድሜን አቅፈው ትከሻውን ሳሙት።

“የሰደብኩህን ሰማህ?” አሉት።

“ልብዎ ተሰብሮ ነበር፣ አጎቴ።”

“ባለሙያ ይምጣ ብለህ ለምነኸኝ ነበር። ሳቅኩብህ።”

ዓዋድ “አልሳቁም” ሊል አልቻለም፤ እውነት ስለነበር። እጃቸውን ሳማቸው።

ሩሽዲ የመጣው ለብቻው ነበር፣ ወራት ቆይቶ። ሁለቱ የአጎቴ ወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ ቀዘቀዘ።

“ለምን ዝም አልክ?” አለው ሩሽዲ።

“እንዳትሰማ።”

“ሰማሁ።”

“አውቃለሁ።”

“አትንካ ብለኸኝ ነበር፣ ዓዋድ። በጆሮዬ ነው የነገርከኝ። ሰማሁህኮ። ግን እሷ ታለቅስ ነበር።”

ወንድሜ እጁን ዘርግቶ የሩሽዲን አንገት ያዘ፤ ልጅ ሳሉ ሲታገሉ እንደሚያደርገው። ሩሽዲ በዚያው ወደ ዐቀባ ወርዶ ወደብ ላይ ሥራ ገባ። ወደ ሰልት ለበዓል እንኳ አይመጣም።

እናቴና እኔ ወደ ሰልት ተመልሰናል። ዓዋድ ግን ማደባ ቀረ። አጎቴ ጋር ወይራ ይጨምቃል፤ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሌላ ሰው ይጠራል። ላይኛው ፎቅ ተዘግቷል። ኡም ሩሽዲ ጠዋት መስኮታቸውን ሲከፍቱ እናቴም የእሷን ትከፍታለች። ድሮ እንደዚህ ቆመው ድስት እስኪያር ያወሩ ነበር። አሁን “እንዴት አደርሽ?” “አላህ ይመስገን፤ ዛሬ ይበርዳል” ይባባላሉ። ከዚያ አንዳቸው መጋረጃውን እስክትስብ ይጠባበቃሉ፤ ማንም ቀድሞ መሳብ አይፈልግም።