አቶም በኮሚቴ

በ1955 ዓ.ም. ሰበታ ላይ ሳይንስ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ መማር የፈለገ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት አለበት። በዚያ ዓመት አንድ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ መጥተው፣ የተማሪዎችን የእጅ ሥራ አይተው፣ አንድ ልጅ መርጠው እንደሚያስገቡ ተነገረን። እኔ ያሰብኩት ድንቅቱ ኩምሳን ነበር። ከፉሪ በየቀኑ በእግሯ የምትመጣ፣ የነገሯትን ሳታላምጥ የማትውጥ ልጅ ናት። ካልተመረጠች ትምህርቷ እዚያው ያበቃል።

ሁለታችን ሆነን የአቶም ሞዴል ሠራን። ኒውክለሱ በክር የተንጠለጠለ አንድ ሽምብራ ነው። ዙሪያውን ሰፋፊ የሽቦ ቀለበቶች፣ በቀለበቶቹ ላይ ደግሞ በሙጫ የተለጠፉ ምስሮች አሉ፤ እነሱ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ቦር የሚባለው ሳይንቲስት ያሰበውን፣ ባለን አቅም፣ ሰበታ ላይ አቆምነው።

ሰኞ የከተማው ሹም፣ የአቀባበል ኮሚቴውም ሊቀ መንበር የሆኑት ባላምባራስ ብዙነህ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«መሃል ያለው ምንድን ነው?»

«ኒውክለስ ነው። የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል እሱ ላይ ነው፤ ሌሎቹ እሱን ነው የሚዞሩት።»

«ሁሉም የሚዞሩት እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ ሽምብራ ያክላል። በዚህ አገር ሁሉ የሚዞረው ማንን እንደሆነ አስበህበታል?»

አላሰብኩበትም ነበር። ማታውን ሽምብራው ወርዶ ብርቱካን ተሰቀለ።

ማክሰኞ ዲሬክተራችን አቶ ተድላ ቀለበቶቹን አዩ። «አንዱን ምስር የቅርብ፣ ሌላውን የሩቅ ያደረገው ማን ነው? ይሄ ቅሬታ ያመጣል» አሉ። ቦር የደከመባቸው ቀለበቶች በአቶ ተድላ ፒንሳ ተቆረጡ። ምስሮቹን በክር አንጠልጥለን በመሃላቸው ባዶ ቦታ ተውን፤ ይህ ከቦር በፊት የነበረው የራዘርፎርድ አሳብ ነው። እሱም ቢሆን ክፉ አልነበረም።

ረቡዕ ባላምባራስ ባዶውን አዩት። «ለእንግዳ ባዶ ነገር ይታያል?»

«አቶም አብዛኛው ባዶ ነው፣ ባላምባራስ።»

«ሌላ አገር ይሁን። ሰበታ ባዶ አይደለችም።»

በብርቱካኑ ላይ ጭቃ አድቦልቡለን ምስሮቹን ላዩ ላይ ሰካናቸው። ከራዘርፎርድ በፊት ቶምሰን አቶምን የሚያስበው እንዲህ ነበር፤ ዘቢብ እንደገባበት ዳቦ። ሐሙስ ደግሞ አቶ ተድላ ምስሮቹ ፈንጣጣ ይመስላሉ፣ እንግዳው ከተማው በሽታ ገብቶበታል ይሉናል ብለው አስለቀሟቸው። ኳሱ ተለስልሶ ከበሩ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። የማይከፈል፣ ድፍን፣ ውስጡ ምንም የሌለው፣ ከቶምሰንም በፊት የነበረው የዳልተን አቶም። ሳይንቲስቶቹ ከዚህ ኳስ ተነስተው እኛ ሰኞ የነበርንበት ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ ኮሚቴያችን በአራት ቀን መለሳቸው።

ድንቅቱን ጠርቼ «ቢጠይቁሽ አይከፈልም በይ» አልኳት።

«እሱማ የድሮ ነው ብለውን ነበር እኮ፣ መምህር።»

«ለነገ ብቻ ነው» አልኳት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዓርብ እንግዳው ኳሱ ፊት ቆሙ። «አቶም ነው? ውስጡ ምን አለ?»

«አይከፈ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። መዋሸት አልሆነላትም። «ጌታዬ፣ ውስጡ ብርቱካን አለ። መሆን የነበረበት ግን በጣም ትንሽ ነገር ነው።» ከዚያ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ እየሳለች ኒውክለሱን፣ ባዶውን፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። የሰውየው ፊት በራ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ይህን ኳስ የሠራው ማን ነው?» አሉ እንግዳው።

አቶ ተድላ ፈጠን ብለው «የሳይንስ መምህራችን ናቸው» አሉና ወደ እኔ አመለከቱ።

«ይህን የነገርሽኝንስ ማን አስተማረሽ?»

ድንቅቱ ዞራ አየችኝ። በቀኜ ባላምባራስ፣ በግራዬ በየዓመቱ ስለ ሥራዬ ሪፖርት የሚጽፉት አቶ ተድላ ቆመዋል። እኔ ነኝ ብል ታዲያ ኳሱን ለምን ሠራኸው መባሉ አይቀርም። ቀስ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይሆንም ማለቴ ነው።

«ራሴ አንብቤ ነው» አለች።

እንግዳው ስሟን ጻፉ። እኔን ቀና ብለው አዩኝና አለፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ አንዱ ድንቅቱ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባቷን የሚገልጽ፣ ሌላው እኔ በክረምቱ የጀማሪ ሳይንስ መምህራን ኮርስ እንድገባ የሚያዝ ነበር።

በምትሄድበት ቀን አባቷ ኦቦ ኩምሳ ለባላምባራስና ለአቶ ተድላ አንድ አንድ ቅል ማር አምጥተው አመሰገኑ። ድንቅቱ ማን እንዳስተማራት አልነገረቻቸውም፤ እንዳትነግር የለመንኳት እኔ ነኝ። ከዚያ የኮርሱን ወሬ ሰምተው ኖሮ ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«አይዞህ መምህር» አሉኝ፤ «ልጄም እዚህ ስትገባ ምንም አታውቅም ነበር። አንተም ትማራለህ።»

«ገለቶማ፣ ኦቦ ኩምሳ» ብዬ በኦሮምኛ አመሰገንኳቸው።