የታመመውን የላጨ እጅ

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት ይዞ የሰው ጢም ሲላጭ ኖሯል። ደንበኞቹ «ላባ እጅ» ይሉታል፤ ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲያልፍ መኖሩም አይታወቅም።

አምና ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። መጀመሪያ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» አለ። ቆይቶ አንጓዎቹ አበጡ፤ የሸሚዙን ቁልፍ እናቴ ትቆልፍለት ጀመር። አንድ ቀን የደንበኛ አገጭ ቆረጠ። ምላጩን አስቀመጠ፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ ቤት ገባ። ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። አንጓዎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ ደሙን አስመረመረች።

«የመገጣጠሚያ ብግነት ነው» አለችው። «የሰውነትዎ መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያዎን እያጠቃ ነው።»

«ዘበኛው ባለቤቱን መደብደብ ጀመረ በሉኛ!» አለ አባቴ። ሐኪሟ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

የሚረዳው መድኃኒት ያንኑ መከላከያ የሚያዳክም ስለሆነ፣ አስቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ነበረበት። ክንዱን በቀጭን መርፌ ወጉት፤ በሦስተኛው ቀን ቦታው ጠጥሮ አብጦ ተገኘ። ራጁ ግን ንጹሕ ነው፤ ሳልም የለውም።

«ተህዋሱ ውስጥዎ ተኝቷል ማለት ነው» አለች። «እንዲህ እንዳለ ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያዎ ሲዳከም ግን ሊነቃ ይችላል። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው አጠገብዎ ነበረ?»

 «አንድ ወዳጅ ነበረኝ» አለ አባቴ።

ወዳጁ ከግድግዳችን ማዶ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲታመም፣ ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ወራት አለፉ። ከታወቀ በኋላ ሰው ሁሉ ደጁን ሸሸ፤ እናቴም «እንዳትገቡ!» ብላ እኛን ልጆቿን አስጠነቀቀች። አባቴ ብቻ በየሳምንቱ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ መስኮት ወደሌላት ክፍል ይገባ ነበር። ሰውየው አልዳነም። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ የላጨው አስከሬኑን ነው።

«ታዲያ ይኸንንስ ያመጣብኝ ያ ነው?» ሲል ጠየቃት፣ ያበጡ እጆቹን ዘርግቶ።

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «የተኛው ተህዋስ መከላከያውን ሲነካካ ኖሮ ወዳጅና ጠላት ያሳስተው ይሆን ብለው የሚያጠኑ አሉ። ግን አንዱ ሌላውን አመጣው ብዬ ልፈርምልዎ አልችልም። ተህዋሱም ቢሆን ከአውቶቡስ ይዞዎት ሊሆን ይችላል።»

እናቴ ግን ፈረመች። ቤት ገብተን እንደነገርናት፣ «ያ ሰውዬ ነው! ሞቶም አልለቀቀንም!» ብላ ጮኸች። ግድግዳችን ደግሞ ስስ ነው።

በማግሥቱ የሟቹ ልብስ ሰፊ ሚስት ወደ አባቴ ሱቅ መጡ። ከእኔና ከአባቴ በቀር ሰው አልነበረም። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡና በመስታወቱ ውስጥ አባቴን አዩት።

«ባሌ ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«እህቴ፣ ሐኪሟ ያላወቀችውን እኔ ከየት አባቴ ልወቀው?»

«አትምጣ ብዬህ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ ጠይቀው ብዬህ ነበር። ለምን ገባህ?»

አባቴ ፎጣ ያጥፍ ነበር፤ በዚያ እጁ ፎጣ ማጠፍም ጊዜ ይፈጃል።

«ጢሙ አድጎ ነበራ» አለ።

መሀረባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አባቴ አላባበላቸውም። እስኪበቃቸው ጠበቀና፣ «አንቺስ ተመርምረሻል?» አላቸው።

«ከቀብሩ ወዲህ ማን ጠይቆኝ!»

አባቴ ያን ቀን እናቴን አልተቆጣትም። «ነገ አብረሻት ሂጂ፤ አንቺም ተመርመሪ» ብቻ አላት። እናቴም «እሺ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ውጤት ለማየት እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ከታማሚው ጋር አንድ አልጋ ላይ ያደሩት የጎረቤታችን ክንድ ልሙጥ ነው። ያበጠው የእናቴ ነው።

«እኔ እኮ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም» አለችው ክንዷን ያየላትን ነርስ። ነርሱ መዝገቡ ላይ እየጻፈ ነበርና ቀና አላለም። እናቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረች። «ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ! ይቅር በይኝ።»

«አፍሽን ተይውና ራጁን ተነሺ» አሉ ጎረቤታችን፣ የተጠቀለለውን እጅጌዋን እያወረዱላት።

የእናቴም ራጅ ንጹሕ ሆነ። ሁለቱም ወላጆቼ የተኛው እንዳይነቃ ለስድስት ወር ክኒን ዋጡ። አባቴ ክኒኑን በጀመረ በወሩ የመገጣጠሚያውም መድኃኒት ታዘዘለት፤ እብጠቱ እየቀነሰ ሄደ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን እንደተቆለመሙ ቀሩ። ወደ ምላጭ አልተመለሰም። ፀጉር በማሽን ይቆርጣል፤ ጢም ላጨኝ ለሚለው መንገድ ማዶ ያለውን ባልደረባውን ያሳያል።

በሽታው ከወዳጁ ይምጣ አይምጣ እስከዛሬ የነገረን የለም፤ አባቴም ዳግመኛ አልጠየቀም። ጠዋት ጠዋት እጆቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቆይና፣ ጣቶቹ ሲፍታቱለት ሱቁን ሊከፍት ይወጣል።