የአድነው እምቢታ

«አልቀበልም» አለ ኮምፒውተሩ፣ ዛሬም።

ቃሉ በቀይ ፊደል ስክሪኑ መሃል ተገትሯል። አፀደ መነጽሯን አውልቃ በነጭ ጋዋኗ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አጠለቀችው። ያው ነው። ከቁስቋም በኩል የወረደው የነሐሴ ጉም የላቦራቶሪውን መስኮት ሸፍኖታል። ከጀርባዋ የደም ናሙና የተደረደረበት ትልቁ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል።

«ወይ አድነው! ሞተህም እልኸኛ ነህ» አለች በሆዷ።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባሏ ነው። ሁለቱም ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚሁ ቤት ነው፤ እሷ በናሙና፣ እሱ በመሣሪያ ጥገና። ከውጭ የተገዛው ፕሮግራም ፈቃዱ ባለቀ ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ ደብዳቤ ሲያረቅ፣ አድነው «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብሎ ወንበሩን ሳበ። ሠራውም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የገባው የሙቀት መለኪያ ሽቦ ልኩን ወደ አንዲት ሳጥን ይልካል፤ ሳጥኗ ለኮምፒውተሩ ታቀብላለች፤ የአድነው ፕሮግራም ይመዘግባል። መብራት ሄዶ ወይም አንዱ ዝርክርክ በሩን ሳይገጥመው ቀርቶ ቅዝቃዜው የላላ እንደሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ በአድነው በራሱ ድምፅ ይጣራል፦ «አፀደ! ኧረ ሞቀ! በሩን እይው እስኪ!» ሲቀዳው ሳቁ አምልጦት ነበር፤ ሳቁም አብሮ ገብቷል።

አድነው ካረፈ ዓመት አልፏል። ድምፁ የነበረበትን ስልኳን አዲሱ ገበያ ታክሲ ስትሳፈር ሌባ ወሰደባት። ያን ቀን ልክ እንደ ቀብሩ ቀን አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ያለው እዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ የት እንደሸሸገው ደግሞ ከሟቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ክረምቱ ሲገባ መብረቅ አሮጌዋን ሳጥን አቃጠላት። አዲስ ሳጥን ተገዝቶ መጣ። የአድነው ፕሮግራም ግን አዲሱን ሳጥን አልቀበልም አለ። ልክ ካልደረሰው ደግሞ አይጣራም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ትሕትና ትናንት ማታ ስትወጣ ቁርጡን ነግራታለች።

«እትዬ አፀደ፣ ናሙናው የሰው አደራ ነው። በዓይን እየጠበቅን እስከ መቼ? ነገ የሳጥኑ አስመጪዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ይጭናሉ። አሮጌው ኮምፒውተር ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋና ስቶር ይግባ።»

አፀደ «እሺ ዶክተር» አለች። ምን ትበል? የባሌ ድምፅ አለበት ትበል? ላቦራቶሪ የሐዘን ቤት ነው እንዴ? ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። እሷስ ብትሆን፣ ማቀዝቀዣው ደህና ሆኖ ድምፁ ሳይሰማ ወራት ባለፈ ቁጥር መናፈቋን ታውቃለች። ድምፁን መናፈቅ ማለት የሰው አደራ እንዲበላሽ መመኘት ነው። ይህን ስታስብ ብቻዋን ታፍራለች።

ዛሬ በጠዋት ገብታ ሽቦውን ለወጠች፤ መሰኪያውን ነቅላ ሰካች፤ ሳጥኑን አጥፍታ አበራች። አልቀበልም። በእመቤቴ ማርያም ስምም ለመነችው። አልቀበልም።

ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ። ሳጥኑን አምጥቶ የገጠመው የአስመጪው ቴክኒሻን ፊሊሞን ነው።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙን ልጭንላችሁ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

«በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» አለች፣ እንደ ልማዷ።

«ኧረ በሐበሻ!» አለና ሳቀ።

ስልኩን ዘጋች። የገዛ ጥያቄዋ ግን ጆሮዋ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት አራት ይላል። አድነው ኮምፒውተሩን በሐበሻ ሰዓት ነበር የሞላው፤ «በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሬ ምሳ አልበላም» እያለ ከስንቱ ጋር ተሟግቷል። ጎንበስ ብላ የአዲሱን ሳጥን ትንሽ መስኮት አየች። አሥር ይላል። አሮጌዋ ሳጥን ሰዓት የሚባል አልነበራትም፤ ይሄኛው የራሱ ሰዓት አለው፤ ፊሊሞን ስልኩን እያየ በፈረንጅ ሞልቶለታል።

እንግዲህ ሳጥኑ የሚልከው ልክ ሁሉ፣ ለአድነው ፕሮግራም ገና ያልደረሰ ሰዓት ይዞ የሚመጣ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያ እየቃዠ የላከውን እንዳይመዘግብ አድነው ያስቀመጠው ሕግ ትዝ አላት። አጠገቡ ተቀምጣ ነው የጻፈው። «ያልመጣውን አውቃለሁ የሚል መሣሪያ ውሸታም ነው፣ አፀደ» ብሏት ነበር።

«አይ ያንተ ነገር!» አለች ጮክ ብላ። እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጡ።

ፕሮግራሙን አልነካችም። የሳጥኑን ቁልፍ እየተጫነች ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰችው፤ አሥር የነበረው አራት ሆነ። ቀዩ ቃል ጠፋ። በቦታው ቁጥሮች እየተከታተሉ መውረድ ጀመሩ።

ዶክተር ትሕትና ስትገባ አፀደ ቆማ ስክሪኑን ታይ ነበር።

«ሠራ እንዴ?»

«ሠራ። ሰዓቱ ነው፤ አንዱ በሐበሻ፣ አንዱ በፈረንጅ ሆነው አልተግባቡም።»

ትሕትና ቁጥሮቹን ጎንበስ ብላ አየች። «ማስጠንቀቂያውስ?» አለች። «እሱ ካልሠራ ዋጋ የለውም።»

አፀደ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ የመለኪያውን ሽቦ በቀዳዳው ስባ አወጣችና ጫፉን በመዳፏ ጨበጠችው። ብርዱ እስከ ክንዷ ዘለቀ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ጨመረ፤ መስመሩን አለፈ።

«አፀደ! ኧረ ሞቀ! በሩን እይው እስኪ!» ከዚያም ያ ሳቅ።

አፀደ አንገቷን ደፋች። ትሕትና ወደዚህ ቤት የመጣችው አድነው ካረፈ በኋላ ነው፤ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ስክሪኑን አየች፤ አፀደን አየች፤ የተጨበጠውን እጇን አየች።

አፀደ ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰች። ቁጥሩ ወረደ፤ ድምፁ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ብቻ ማጉረምረሙን ቀጠለ።

«በቃ፣ ይሠራል» አለች አፀደ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ከእንግዲህ ደህና ነው፤ ዝም ይላል።»

ትሕትና ከጋዋኗ ኪስ ስልኳን አወጣች። የድምፅ መቅጃውን ከፍታ ከኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ሥር አስቀመጠችው።

«ማረጋገጥ አለብን» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስኪ አንዴ ይድገሙት፣ እትዬ።»

አፀደ ሽቦውን እንደገና ሳበችው። እጇ ገና ከቅድሙ አልሞቀም ነበር። በሁለት እጇ ጨበጠችውና እስትንፋሷን ይዛ ቁጥሩን መጠበቅ ጀመረች።