ሬዲዮኑ አይዘጋም

ፉሲ ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። ኦቾሎኒ ያክላል፤ አያምም፤ በጣት ሲገፉት ከቦታው አይነቃነቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እውነቱን የሚነግራት ሰው ፈለገች። መካሪ አልጠፋም። የመንደሩ አዛውንት እማማ ሎሳሊኒ በኮኮናት ዘይት እሺው አሏት። ኦክላንድ ያለች የባሏ ዘመድ የላከችላት ቪዲዮ ደግሞ ቅጠል ቀቅለሽ ጠጪ፣ ሐኪም ከነካካው ይበተናል ይላል። ከቶንጋ ትናንሽ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በእነሱ ደሴት ያለው የጤና ሠራተኛ አንድ ፌኪ ብቻ ነው። ፌኪ የአጎቷ ልጅ ነው፤ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ ለወንድም ደግሞ ስለ ጡት አይወራም። ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ አፏ አልፈታ ሲላት «ሳል ይዞኛል» ብላ ሽሮፕ ተቀብላ ተመልሳለች። ያለ ፌኪ ወረቀት ደግሞ ትልቁ ደሴት ያለው ሆስፒታል አይቀበልም ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ይለዋል።

ስለዚህ ጻፈች። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የዚያው ሆስፒታል ነርስ ሲስተር ሜሊሴኒ በሬዲዮ የሴቶችን ጥያቄ ትመልሳለች። ፉሲ ስሟን ሳትጠቅስ ደብዳቤዋን በጀልባ ላከች።

ያንን ዝግጅት ግን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው በመንደሩ የለም። እህትና ወንድም አንድ ጣራ ሥር ካሉ፣ «ጡት» የሚለው ቃል ገና ከመውጣቱ አንዱ ዘሎ ይዘጋዋል። አክብሮት ይሉታል። ሴትን ከነበሽታዋ አፍኖ ለሚቀብር ነገር ሌላ ስም ቢያወጡለት ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው በተሟገተው ነበር። አክብሮትን ማን ይሟገታል?

ደብዳቤው በሄደ በሦስተኛው ሐሙስ ሴቶቹ በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስበው ከዛፍ ልጥ የሚሠራውን ጨርቅ በእንጨት መዶሻ ይቀጠቅጣሉ፣ በሙጫ ያጣብቃሉ። የታናሽ ወንድሟ ሚስት ቪካ ከፉሲ አጠገብ ነበረች።

«እትዬ፣ ዛሬ ዓይንዎ ከጨርቁ ይልቅ ሬዲዮኑ ላይ ነው። ዘፋኙን ወደዱት እንዴ?»

«ብወደው ላንቺ አላሳይሽም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘፈኑ አለቀና የሲስተር ሜሊሴኒ ድምፅ መጣ። «ስሟን ያልነገረችን እህታችን እንዲህ ትላለች፦ ጡቴ ላይ እብጠት…»

ይኼኔ የፉሲ ታናሽ ወንድም ማናሴ ለሙጫ የሚሆን ካሳቫ በጆንያ ተሸክሞ ገባ። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቪካ ወደ ሬዲዮኑ እጇን ዘረጋች። ፉሲ የእንጨት መዶሻዋን በቪካ እጅና በሬዲዮኑ መካከል አስገባች።

«አትንኪው።»

«እትዬ፣ ማናሴ ገብቷል እኮ።»

«አይቻለሁ። የታመመው ዓይኔ አይደለም።»

«ነውር ነው፣ ልጄ፣ ወንድምሽ ፊት» አሉ እማማ ሎሳሊኒ።

«እማማ፣ አክብሮቱ ለእኔ አይደለም እንዴ? ታላቋ እኔ ነኝ። ለእኔ የተሰጠ ክብር እኔኑ የሚገድለኝ ከሆነ መልሳችሁ ውሰዱት። ማናሴ፣ የምታከብረኝ ከሆነ አንተ ውጣ። ሬዲዮኑ አይዘጋም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የሁሉም መዶሻ ቆመ። ማናሴ ጆንያውን አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ፉሲ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረችው።

«… አለማመሙ ደህና ነው ማለት አይደለም» ትላለች ሲስተር ሜሊሴኒ። «አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ግን ዘይትም ቅጠልም አይነግርሽም፤ እኔም በሬዲዮ አልነግርሽም። መመርመር አለበት። ሳትቆዪ ነይ። የምትመረምርሽ ሴት ናት። ከጤና ጣቢያ ወረቀት ባይኖርሽም ነይ፤ ወረቀት አንጠይቅም።»

ወረቀት አንጠይቅም። ይህች ቃል ስንት ሐሙስ ተነግራ፣ በስንት አክባሪ ጣት ታፍና ቀርታ ይሆን?

«ታዲያ ዘይቱስ?» አሉ እማማ ሎሳሊኒ ቀስ ብለው።

«ዘይቱ ለፀጉሬ ተስማምቶኛል፣ እማማ።»

ስትወጣ ማናሴ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ደጅ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ቆሟል። ለዛፉ የሚናገር ይመስል፣ «ጀልባው ነገ ጠዋት ነው። ቪካ አብራዎት ትሂድ፤ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ» አለ።

«ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም።» አሁንም ወደ ዛፉ እያየ፣ «ወረቀት እንደማይጠየቅ ብቻ» አለ።

በማግስቱ ፌኪ መድኃኒት ሊረከብ ወደብ ላይ ነበር። ፉሲንና ቪካን ከነጓዛቸው ሲያይ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ሳሉ አልለቅ አለዎት እንዴ?»

ፉሲ ሁለቱን ያልተከፈቱ የሽሮፕ ጠርሙሶች ከዘንቢሏ አውጥታ እጁ ላይ አኖረቻቸው።

«ለሚያስል ሰው ስጥልኝ። እኔ ጡቴን ልመረመር ነው የምሄደው።»

ወደብ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። ፌኪ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እሷ ዞራ አላየችውም፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጀልባው ላይ ወጣች።