አንገት ይምጣ

ክላይድ ሃርትዌል ስንት ፊልም ላይ ሠርቶ በአንዱም ታይቶ አያውቅም። ሥራው ራሱ አለመታየት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊልሙ ውስጥ አገር አሳሾቹ ጫካ ጥሰው ወንዝ ተሻግረው ሲወጡ፣ ዓለም ሞቶ አልቋል ያለው ዳይኖሰር ቅጠል እያመነዠከ ቆሞ ያገኙታል፤ ያን ጊዜ መደንገጥ አለባቸው። ግን በምን ይደንግጡ? አውሬው ገና ሎስ አንጀለስ ነው፤ ሽማግሌው ቶርቫልድ ጠረጴዛ ላይ፣ አጥንቱ ከብረት ቆዳው ከጎማ የተሠራ፣ ከድመት የማይበልጥ አሻንጉሊት። ስለዚህ ከርን ወንዝ ዳር የካሜራው ዐይን ግማሹ በጥቁር ወረቀት ይሸፈናል። ተዋንያኑ በተገለጠው በኩል ይሰለፋሉ። በተሸፈነው በኩል ክላይድ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዞ ይራመዳል። ጨርቁ የአውሬው ራስ ነው፤ ሁሉም ዐይኑን እሱ ላይ ተክሎ አፉን ይከፍታል። በኋላ ያው ፊልም ሳይታጠብ ወደ ኋላ ይጠቀለልና ወረቀቱ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ቶርቫልድም አሻንጉሊቱን በባዶው ግማሽ ላይ ያነሣዋል። ክላይድ በረገጠው ቦታ አውሬው ይረግጣል፤ ክላይድ እንዳልነበረ ይሆናል።

ስሙንም ቢሆን ቀምተውታል። ከአብሳዩ ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ «አንገት» ነው የሚሉት። ዳይሬክተሩ ፕሬስኮት ማለዳ ማለዳ የቆርቆሮ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደቅኖ «አንገት ይምጣ!» ሲል ማዶ ያሉ ቁራዎች ይበረግጋሉ። ቀጥሎ ስድቡ ይመጣል፤ አንገት ቀና በል፣ ዳይኖሰር ነህ እንጂ አማቱ ቤት የገባ ሙሽራ አይደለህም ይለዋል። ክላይድም እኔ ቀና ካልኩ እናንተ ሁሉ ታንሳላችሁ ብሎ ይመልስለታል።

ሚስቱ ሌቲ በፊልሙ የአሳሾቹ ነርስ ናት። ከተዋንያኑ ሁሉ መደንገጥ የምታውቅበት እሷ ናት ይባልላት ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ክላይድ ከጨርቁ ሥር ሆኖ ጉንጩን ነፍቶ፣ ጥርሱን አግጥጦ ዳይኖሰር ሲሆንባት፣ ሳቋን ለማፈን ስትታገል ነበር ፊቷ እንደዚያ የሚጨነቀው። ልጅ ሆኖ ቀኝ እግሩን በቅሎ ስለረገጠችው ትንሽ ያነክሳል። ባንተ የተነሣ አውሬው ሁሉ አንካሳ ሊሆን ነው ትለዋለች። አውሬውን ቶርቫልድ ያቀናዋል፣ እኔን ግን አንቺም አላቀናሽኝ ይላታል።

ወንዙ የሞላ ዕለት ክላይድ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሻገር ውሃው ወሰደው። ሬሳው ታች፣ ከወደቀ ዛፍ ሥር ተሸጉጦ ተገኘ። ዘንጉ ምንም አልሆነም።

ቤከርስፊልድ ከተማ ቀበሩት። ፕሬስኮት ባርኔጣውን አውልቆ ደህና ደህና ቃል ተናገረ፤ ያን ጊዜ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ምላሱ ስቶ «አንገታችን» ሊል ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሌቲን ቤትሽ ሄደሽ ዕረፊ አላት። እሷ ግን ከሰው መካከል መሆን ይሻለኛል ብላ ቀረች። የፈራችው አልጋውን ነው። የእሱ ጎን እንደተጎደጎደ ነበር፤ ታነጥፈው እንደሆነ ሊጠፋ፣ ብትተወው ሌሊቱን ሙሉ ሊያፈጥባት።

የቀረው ትልቁ ትዕይንት ነበር፤ አሳሾቹ አውሬውን መጀመሪያ የሚያዩበት። ያን ጠዋት ፕሬስኮት ጡሩምባውን አነሣና እንደ ልማዱ «አንገት ይምጣ!» አለ።

ሰዉ ክው አለ። ያለውን እንኳ ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። ድንኳን ተካዩ ኢሲድሮ፣ ሌቲን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየ፣ ዘንጉን አነሣ። ኃጢአቱ የሱ አይደለም፤ ግን የገዛ እጁ የሱ ያልሆነ ይመስል ዘንጉን ከሰውነቱ አርቆ ያዘው። የካሜራው እጀታ መዞር ጀመረ። ሌቲ ጨርቁን አየች። ጨርቁን እንዳየች ታምን ነበር፤ ቢያስምሏት ትምል ነበር።

ሎስ አንጀለስ እንደተመለሱ፣ ከዋናው ካሜራ ጎን፣ እንደዚያው ግማሽ ዐይኗ ተሸፍኖ፣ ቆማ የነበረችው ሁለተኛዋ ካሜራ ያነሣችውን አጥበው ለማየት ተሰበሰቡ። የቶርቫልድ ፊልም ገና ሳይታጠብ በቆርቆሮው ውስጥ አውሬውን ይጠብቃል። መጋረጃው ላይ ግማሹ ድቅድቅ ጥቁር ነበር። በሌላው ግማሽ አሳሾቹ ተሰልፈው ወደ ጥቁሩ ይመለከታሉ። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠጡ፤ ሌቲም አብራ። ከዚያ የሌቲ ዐይን ቀስ ብሎ ወረደ።

የሰው ፊት ቁመት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያም አንድ ነገር መከተል ጀመረ፤ ከጥቁሩ ጥግ ወደዚህ፣ ወደ ካሜራው፣ ሳይቸኩል። የሌሎቹ ዐይን ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። የእሷ ይመጣል።

ሌቲ የገዛ ፊቷን እንደ ባዕድ ፊት አየችው።

መብራቱ ሲበራ ፕሬስኮት ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሚስስ ሃርትዌል፣ ምን እያየሽ ነው እስቲ? ቤት የሚያክል አውሬ ፊትሽ ተገትሮ፣ አንቺ ፖስተኛ ሲመጣ እንደምታይ ሴትዮ!»

«ጨርቁን ነው ያየሁት።»

«ጨርቁ ኢሲድሮ እጅ ላይ ነበር። ኢሲድሮ ደግሞ ከወዲያ ነበር።»

እንደገና እናንሣው እንዳይባል፣ ዋናው ተዋናይ ጺሙን ተላጭቶ ለሌላ ኩባንያ ቄስ ሆኖ ሊሠራ ሄዷል፤ ሰፈሩንም ጎርፍ ጠርጎታል። ፕሬስኮት ብዙም አላሰበበት። ዐይኗ ከወረደበት ጀምሮ ያለው ተቆርጦ ይጣል አለ። ቶርቫልድ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ብቻ በአውሬ ይሙላ፤ ሰው አንድ ጊዜ ካንጋጠጠ ይበቃል። የተጣለ ፊልም ምን እንደሚሆን ሌቲ ታውቃለች። ተቀቅሎ ላዩ ላይ ያለችው ብር ትለቀማለች፣ የቀረው እንደ እድፍ ይደፋል። ክላይድን ካሜራ አላየውም። ያየችው እሷ ናት፤ ማየቷም ያለው ሊቆረጥ በተፈረደበት ፊልም ላይ ብቻ ነው።

ቶርቫልድ የሚሠራበት ቤት መስኮት የለውም። ከዴንማርክ ሲመጣ የሸክላ አሻንጉሊት ሠሪ የነበረው ሽማግሌ፣ ከባሕር ማዶ ያመጣውን ዝምታ አልተወውም። የጎማ አውሬዎቹ በየመደርደሪያው ተኮልኩለዋል፤ የትልቁ ትዕይንት አውሬ፣ አንገተ ረጅሟ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከተቀባ መጥረጊያ በተሠራ ሣር መካከል ቆማለች። ሆዷ ውስጥ የኳስ ከረጢት ስላለ ሲነፉትና ሲያስተነፍሱት የምትተነፍስ ትመስላለች። ሌቲ ስትገባ አየሩ እየወጣ ነበር፤ አውሬዋ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰች።

ሌቲ ማድበስበስ አልፈለገችም። እንዳይቆርጡት ልትለምን እንደመጣች በግልጽ ነገረችው።

ቶርቫልድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ዐይንሽ ያነክሳል» አላት።

«ምን አሉኝ?»

«ሁለት ጊዜ አየሁት። አንዱን እርምጃ ደህና ይሄድና በሁለተኛው ዝቅ ይላል። ዐይን ብቻውን እንዲህ አያነክስም፣ ልጄ። የሚያነክስ ነገር ተከትሎ ነው እንጂ።»

ሌቲ መቀመጫ ፈለገች። ስታገኝም አልተቀመጠችም።

ቶርቫልድ አንድ መላ ነበረው። የአውሬዋን ግልገል ሠርቶ በዚያ በኩል ያምጣው፤ ነርሷ ግልገሉን ስታይ እናትነቷ መጣባት ይባላል፤ ተመልካች እንዲህ ዓይነቱን ይወዳል፣ ፕሬስኮትም ይቀበላል። መሐሪ መላ ነበር። ሌቲ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«እሱ ቦታ ላይ የጎማ ጥጃ ሊያስቆሙበት ነው? ዕድሜውን ሙሉ አውሬ ሲረግጥበት ኖረ፤ አሁን እንኳ አይበቃውም?»

«ባዶ ከተውኩት ስህተት ይሆናል። ስህተት ደግሞ ይቆረጣል።»

«ባዶ አይደለማ!»

ድምፅዋ ከጣሪያው ተመለሰባት። ቶርቫልድ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ የመጥረጊያውን ሣር በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ሣሩ ጎበጥ አለና ተመለሰ። እንደገና ነካው።

«ሣሩን ማንም አልከለከለኝም» አለ። ከዚያ ወደ እግሯ አየ። «እንዴት ነበር የሚራመደው? ተራምደሽ አሳዪኝ።»

ወለሉ የእንጨት ብናኝ ነበረበት። ሌቲ ቀሚሷን ሰብስባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተራመደች። ማስመሰል ሥራዋ ነው፤ ግን አላማረም፤ መንገድ ላይ አንካሳ የሚያሾፉበት ዓይነት ሆነባትና አፈረች። ተመልሳ ሞከረች። ቶርቫልድ ፊቷን አያይም፤ ብናኙን ነበር የሚያየው። ቀኝ እግር ወደ ውጭ ጣል፣ ከዚያ ጥቂት ተጎትቶ ቀጥ። በመካከሉ ማስመሰሏን ተወች። ወገቧ በራሱ ዘመም አለ፣ ትከሻዋ የሌለውን ዘንግ ተሸከመ። ወደ ታች አላየችም። ማን እየተራመደ እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም፤ ማየቱንም ፈራችው።

«በቃ» አለ ቶርቫልድ። ብናኙ ላይ የቀረውን ዱካ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

የዚያ ሥራ ነገር እንዲህ ነው፦ ሣሩ በጸጉር ክር ስፋት ይታጠፋል፣ የካሜራው እጀታ አንዴ ዞሮ አንድ ሥዕል ያነሣል፤ ደግሞ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይዞራል። ከማለዳ እስከ ማታ ተሠርቶ፣ መጋረጃ ላይ ሲታይ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ሌቲ ከታጠበው ፊልም ላይ የራሷን ዐይን እየለካች ቦታውን ትነግረዋለች፤ እሱ ሣሩን ያንን እየተከተለ ያጎነብሰዋል። እዚህ ቆሟል ትለዋለች። እዚህ እግሩን ጎተተ። ስለ ባሏ እንደዚህ አውርታ አታውቅም፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ያወሩት ሰዎቹ ናቸው። ቶርቫልድ አንዳንዴ እጁን ከሣሩ ቶሎ ይመልሰዋል። ሙቀቱ ነው ይላል፤ አምፖሎቹ እውነትም እንደ እቶን ነበሩ። ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ ደግሞ አውሬዋን ነካ አደረጋት፤ ማመንዠኳን እንድትተውና ራሷን ወደ ሣሩ እንድታዞር። ሌቲ አላዘዘችውም። እሱም ለምን እንዳደረገው አልነገራት።

ካዘዘው ሌላ ነገር እንደተሠራ ፕሬስኮት የሰማው መጋረጃው ፊት ከተቀመጠ በኋላ ነው። እሳት ጎረሰ፤ መጀመሪያ ይዩትና ከዚያ ይስደቡኝ አለው ቶርቫልድ። መብራት ጠፋ።

አውሬዋ ቅጠል ታመነዥካለች። አሳሾቹ አንጋጠው ፈዘዋል። አንድ ጊዜ ማመንዠኳን ተወች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሣሩን ተመለከተች፤ ነርሷም ሣሩን ትመለከታለች። ሣሩ ከሩቁ ተከፈለ። ምንም የለም፤ ግን ሣሩ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይተኛል፣ ትንሽ ይዘገይና ይነሣል። ይመጣል። ነርሷ አትሸሽም።

የፕሬስኮት ሲጋራ እጁ ላይ ጠፍቶ ነበር።

«ምንድን ነው ሣሩ ውስጥ ያለው?»

ወደ መጋረጃው ጎንበስ አለ።

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም» አለ ቶርቫልድ።

ፕሬስኮት ክብሪት ጫረ፤ ሳይለኩስበት ተቃጥሎ አለቀ። ዞር ብሎ በሩን አየ፤ ራሱን ያዘና ሣቅ ለማለት ሞከረ። «ይቆይ» አለ በመጨረሻ። «አንዲት ነገር እንዳትነኩ።» ከዚያ የድሮው ጉራው ሲመለስለት፣ «ለካ ሥራሽን ታውቂያለሽ፣ ሚስስ ሃርትዌል! እስቲ ንገሪኝ፤ ለጋዜጠኞች እንድላቸው፣ ያን ጊዜ ምን እያሰብሽ ነበር?»

«አንገትን» አለች ሌቲ።

«አንገቱማ ላይ ነበር» አለ እየሳቀ፤ «አንቺ ዝቅ ብለሽ ነው እንጂ ያየሽው!»

አልገባውም። ሌቲም ልታስረዳው አልደከመችም።

ፊልሙ ከተማ ለከተማ ዞሮ ቤከርስፊልድ ሲደርስ ተሳፍራ ሄደች። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ደረሰች፤ ብዙ አልቆየችም። ከዚያ ለቀኑ ትርኢት ቲኬት ቆርጣ ገባች። አዳራሹ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ከመተላለፊያው አጠገብ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጎኗ ባለው ወንበር ላይ ጣል አደረገች። ፒያኖ መቺዋ ወፍራም ሴትዮ አውሬ ባየች ቁጥር ቁልፎቹን ትደበድባለች፤ ሕፃናቱ ይንጫጫሉ፣ ከኋላ አንዱ አውሬዋን ከአማቱ ጋር እያመሳሰለ ያስቃል።

ሣሩ መከፈል ሲጀምር ሣቁ ቆመ። ፊት ረድፍ ላይ አንዲት ሴት እግሯን ከወለሉ አንሥታ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች። ፒያኖ መቺዋ ለዚህ ቦታ ምን እንደሚመታ አልተነገራትም መሰለኝ፣ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ቀረች። ጸጥታ ሆነ፤ ከማሳያ መሣሪያው መንኳኳት በቀር።

ሌቲ ሣሩን በልቧ ታውቀዋለች። ቶርቫልድ ያበቃበትን ሥር፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን የመጥረጊያ ጭራ ታውቃታለች። ከዚያ ወዲህ ሣር የለም። ሲሠሩት ዐይኗን የተከተለችው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ማን ይለካው ነበር?

ሣሩ አለቀ። መጋረጃው ላይ ያለችው ሌቲ ግን ማየቷን አልተወችም። ዐይኗ ከሣሩ ጫፍ ተሻገረ፣ ደህና አንድ፣ ዝቅ አንድ፣ ወደ ካሜራው መጣ፤ በካሜራው ጎን አለፈ። ተዋናይ እዚያ አያይም፤ መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው። ወደ አዳራሹ ገባ። ከፊት ረድፍ ጀምሮ መተላለፊያውን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ሌቲ እስከተቀመጠችበት ደርሶ፣ ከአጠገቧ ቆመ።

ሌቲ አልዞረችም። ዐይኗን ከገዛ ፊቷ ሳትነቅል ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።