የስድስት ሰዓት ተኩሉ ቅጂ

ሶስና ሰቆጣ ባለው የዘር ጥበቃ ማኅበር በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ፣ በ1999 ዓ.ም. ጥር፣ አምስቱን የቢሮ ኮምፒውተሮች በገመድ አያያዘቻቸው። የሁሉም ሥራ በየቀኑ በራሱ ጊዜ እየተቀዳ መጋዘን ውስጥ ባለው ሰርቨር እንዲቀመጥ አደረገች። ሰዓቱን ስታስብበት ሰነበተች። ማታ እንዳታደርገው፣ ዘበኛው ጋሽ ካሤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን የቢሮውን መብራት ከቆጣሪው ሳያጠፉ አያርፉም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ተኩልን መረጠች። ሰው ሁሉ የከፈተውን ዘግቶ ምሳ ይወጣል፤ ማሽኖቹ እንደበሩ ይቆያሉ።

እትዬ የሻሽወርቅ ብቻ አላመኑም። በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች፣ ከዝቋላ እስከ ፃግብጂ፣ በእግራቸው እየዞሩ የማሽላ ዘር ስም ከሽማግሌ አፍ ሲለቅሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የዘሩ መዝገብ ያለበት ፍላሽ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ውሎ ያድራል።

«ያውልቁት እትዬ፤ ከእንግዲህ ማሽኑ ራሱ ይቀዳል» አለቻቸው ሶስና፣ እንደ ልማዷ መሬት መሬት እያየች።

«ቢረሳስ?»

«አይረሳም።»

እንዲህ ቆርጣ መናገሯ ራሷንም አስደነገጣት። እትዬ ግን ወደዱላት፤ ፍላሹን ጎንደር ለሚማር ልጃቸው ላኩለት።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና የእትዬ ኮምፒውተር ጤሶ ቀረ። ሶስና ወደ መጋዘን ሮጣ ሰርቨሩን ከፈተች። የመዝገቡ የመጨረሻ ቅጂ የቅዳሜ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የተጻፈው የለም። አባባ ምሳው የሚባሉ የዝቋላ ገበሬ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከተማ መጥተው፣ ሦስት ቀን እትዬ ፊት ተቀምጠው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ የቆጠሩላቸው ሃያ ሦስት የማሽላ ዓይነት ጠፍቷል። በወረቀት አልተያዘም ነበር።

«እትዬ፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ ነዋ። ሁዳዴ አይደል እንዴ? በስድስት ሰዓት ምን ልበላ እወጣለሁ?»

ያን ጊዜ ለሶስና ገባት። ጾሙ ከገባ ወዲህ ቢሮው ለምሳ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ማሽኑ በስድስት ተኩል ሲመጣ መዝገቡ ተከፍቶ ሲሠራበት እያገኘው፣ እየዘለለው ከርሟል። መቅዳት የቻለው፣ ሥራ በስድስት ሰዓት በሚያበቃበት ቅዳሜ ብቻ ነው። እሷም እኮ ጿሚ ናት። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ባዶ ሆዷን ሰርቨሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የሰጠሁት የጥርን ሰዓት ነው።»

እትዬ ረዘም አድርገው አዩዋት። «ማሽንሽን ጾም መግባቱን አልነገርሽውማ። በይ ተነሺ፤ ሽማግሌው ነገ ይሄዳሉ።»

አባባ ምሳውን ያገኟቸው ልጃቸው ቤት ደጅ ላይ ከረጢት ሲያስሩ ነው።

«ሦስት ቀን ያወራሁት ጠፋ?» አሉ ነገሩን ሲሰሙ።

«ጠፋ አባባ» አለች ሶስና። «ቢደግሙልኝ እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ።»

«ትናንት የነገርኋችሁን ዛሬ ማስታወሴን በምን አወቅሽ?» አሉ፤ ከረጢቱን ግን ፈቱት።

አርብ ጠዋት ቢሮ መጡ። እሳቸው ይናገራሉ፣ ሶስና በደብተር ትጽፋለች፣ እትዬ በሌላ ኮምፒውተር ይመዘግባሉ። ወፍ የማይነካው፣ ለጠላ የሚመረጠው፣ ድንጋያማ መሬት የሚወደው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ቆጠሩ፤ ሃያ አራት ሆነ።

«ይኼ በስልሳ ቀን የሚደርሰው አልነበረም። በፊት ለምን አልነገሩኝም?»

«ረቡዕ ደክሞኝ ነበር። ዛሬ ይቺ ልጅ ጆሮዋን ስትሰጠኝ መጣልኝ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ሌላው ሰው ሊገድፍ ወጣ። ሶስና የቅጂውን ሰዓት ወደ ዘጠኝ ተኩል አዛውራዋለች። ሦስቱ መጋዘን ገብተው ጠበቁ። አባባ ምሳው ቆሎ በእጃቸው ጨብጠው አልቀመሱም።

«አለቀ?»

«ትንሽ ቀረው አባባ።»

ሲያልቅ ሶስና ቅጂውን ከፍታ ሃያ አራተኛውን ስም ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። ከዚያ ከኪሷ አዲስ ፍላሽ አወጣች፤ በጥቁር ክር አንጠልጥላዋለች። እትዬ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት።

«እንግዲህ እንብላ» አሉ አባባ ምሳው፤ የመጀመሪያውን እፍኝ ለሶስና ዘረጉላት።