ነጩ ፎጣ

አሰልጣኜ ጋሽ ሚፍታህ ግራ ዓይናቸውን ያጡት በቦክስ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ጂማችን ከፈረሰ ወዲህ ቄራ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ የአሸዋ ጆንያ ሰቅለው ያሠለጥኑኝ ነበር።

ትናንት በፍጻሜው በነጥብ እየመራሁ ነበር። ልጅቷን አፍንጫዋ ላይ አንድ ቦክስ ሳቀምሳት ደሟ ፊቴ ላይ ተረጨ። ወዲያው ነጭ ፎጣ ሪንጉ መሀል ዱብ አለ። አሰልጣኝሽ ፎጣ ከወረወረ ደግሞ ተሸንፈሻል፣ በቃ። ዳኛው የሷን እጅ አነሳ።

«ደሙ እኮ የሷ ነው! አበዱ እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

በዚያው ፎጣ ፊቴን ጠርገው ቁስል ፈለጉ፤ አጡ።

«ዓይኔ የጠፋ ቀን አሰልጣኜ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር» አሉኝ።

ታዲያ በኔ ዋንጫ የሳቸው ዓይን ይመለሳል?